ዘመድ አይቆጠርም

ቅጹ ሦስት ዓምድ አለው፤ ቀን፣ ሥራ፣ ሰዓት፣
ከግርጌው ለፊርማ፣ ለማኅተም የተተወ ክፍት።
ሃምሳ ሰዓት በጎ ሥራ፣ ሃያ ስፖርት፣ ዐሥር ጥበብ፤
ይህ ካልሞላ ዲፕሎማ የለም፣ ፊዚክሴ እንደ መስከረም ቢያብብ።

ስፖርቱ አላስቸገረኝም፤ ደሴ ተወልዶ ዳገት የሚፈራ የለም፣
ዳቦ ሊገዛ የወጣ እንኳ ሳያልበው አይመለስም።
ለጥበቡ ቼዝ ክበብ ገባሁ፣ ጥበብ ነው ብለው ፈቀዱ፣
ንጉሤ ሲማረክ፣ ሲማረክ፣ ዐሥሩ ሰዓቶች ነጎዱ።

በጎ ሥራው ነው ያንገዳገደኝ።

ሦስት ቅዳሜ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ወለወልሁ፣
ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ አንባቢ ብቻ አየሁ፤
እሱም ዝናብ ሸሽቶ ነበር።
ተቆጠረልኝ።

ጦሳ ላይ ችግኝ ልንተክል ከንጋቱ ዐሥራ ሁለት ወጣን፣
የክብር እንግዳው እስኪመጡ በጉም ተጠቅልለን ቆየን፤
ከተማው ከእግራችን ሥር ጠፋ፣ ጡሩምባው ብቻ ይሰማል፣
አንዱ «ደሴ ተሰረቀች» አለ፣ ሌላው «ኮምቦልቻ ይፈተሻል!»
በአራት ሰዓት መኪናቸው ደረሰ። አንዲት ችግኝ ተከሉ፣
ፎቶ ተነሡ፣ «አደራ» አሉን፣ ወደ መኪናቸው ጭቃ ዘለሉ።
ስድስት ሰዓት ተጻፈልኝ፤ አራቱ ጥበቃ ነበር።
ተቆጠረልኝ።

ሃያ ሰዓት ለቀበሌ ልጆች ማባዛት አስጠናሁ፣
ሰባት ጊዜ ስምንትን እኔም ገና ያኔ አወቅሁ።

ሐረጎ ላይ የቆመ ቅጥቅጥ ገፍተናል፣ ከነጭነቱ፣
ማን ሊፈርምልኝ? ሹፌሩ ሞተሩ ሲነሣ በረረ በፍጥነቱ።
ለወይዘሮ ስንዱ ውኃ ቀዳን፣ ለጎረቤት ለቅሶ ድንኳን ተከልን፤
ይህ ሥራ አይባልም፤ ኃላፊ የለው፣ ማኅተም የለው፣ እንዲሁ አደረግን።

ሠላሳ ስምንት።
ሰኔ ሊያልቅ ሦስት ቀን።

«ሌላ የሠራኸው የለም?» አለችኝ ቲቸር ፋናዬ።
«አለ፤ አያ ሙሔን ቦሩ ሜዳ ወስጄ የዓይናቸው ሞራ ተገፈፈ፣
ከሌሊቱ ዐሥር እስከ ቀኑ ዐሥር፣ ግማሹ በወረፋ አለፈ።»

ያልነገርኋት፦
መንገድ ላይ «ምን ይታያል?» ሲሉኝ
«ጉም ብቻ» ስላቸው
«እንግዲያ ዛሬ እኩል ነን» ብለው መሳቃቸውን፤
ቁጥራችን ሲጠራ
እጄን እንደ ምርኩዝ ሳይሆን
መርፌ እንደሚፈራ ልጅ አጥብቀው መያዛቸውን።

ዐሥራ ሁለት ሰዓት! ልክ የጎደለኝን ያህል።
እስክሪብቶዋን አነሣች፣ አየር ላይ አቆመችው።
«ዝምድና አላችሁ? መመሪያው ላይ አለ፤
ዘመድ አይቆጠርም።»

የእናቴ አጎት ናቸው።
አንደኛ ክፍል የገባሁ ዕለት
ጎርፍ የሞላውን ቦይ በትከሻቸው ያሻገሩኝ፣
ደብተሬን በጥርሳቸው ነክሰው።
አፌን ከፈትሁ። አዎ ብል ዓመቱ ይሄዳል፤
አይደሉም ብል...
በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፣
ፋሻው ተነሥቶላቸው
በአዲሱ ዓይናቸው ትምህርት ቤቴን ሊያዩ መጥተው።

«አላውቀውም» አሉ።
«መንገድ ላይ ያገኘሁት ልጅ ነው። አላህ ይስጠው፣ መራኝ።»
በቲማቲም ዋጋ እንኳ ወላሂ የሚሉት ሰው
ዛሬ መሐላዋን ዘለሏት።

ቲቸር ፋናዬ አፍንጫቸውን አየች፣
አፍንጫዬን አየች፣
መነጽሯን አወለቀች፣
ማኅተሙን በዳበሳ ፈልጋ መታች።

ከቅጹ ጀርባ «ምን ተማርህ? በሦስት መስመር» ይላል።
ሁለቱን ጻፍሁና ሰረዝሁ።

ስንወጣ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ዳገቱ ላይ እጄን ያዙ፤
አሁን ድንጋዩን የሚያሳዩኝ እሳቸው ናቸው።
«ከዚህ ቤት ስንት ሰዓት ይፈጃል?»
«ግማሽ።»
«እሷን እንዳትጽፋት» አሉኝ፣
«እሷ የዘመድ ናት።»