ግጣም

ረቡዕ ማታ፣ ካሳንቺስ፣ ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ፣
ሽማግሌው ጋሽ ተርፋሳ
የጸሎት ቤቱን ወንበር ይደረድራሉ፤
ሃያ ሁለት ነው ልማዳቸው፣
ዘጠኝ ሰው ነው የሚመጣ።
«ለማን ነው ይሄ ሁሉ?» ሲሏቸው
«ታክሲ ሰልፍ ላይ ላሉት።»

ሰፈሩ ሲነሣ፣ ገሚሱ ኮዬ፣ ገሚሱ ገላን፣
የኅብረቱ ትልቅ ድስት ግጣሙን አጣ፤
ዓመቱን ሙሉ ሽሮው በትሪ ተከድኖ በሰለ፣
እንፋሎቱ በጎን እያመለጠ።

ዛሬ ቄሱ ለቡራኬ እጃቸውን ሲያነሱ
በሩ ተንቋቋ፤
ዲንቂቱ ናት— ሦስት ታክሲ ቀይራ፣ ጫማዋ ጭቃ፣
ብብቷ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ክብ ነገር።
«ከኔ ዕቃ ጋር ተጭኖ ኖሯል» አለች፣
እንደ ጥፋተኛ አቀርቅራ።

ቄሱ እጃቸውን አወረዱ።
«አሜን አንልም ገና፤
ድስቱን መልሳችሁ ጣዱት።»