የቀረ

በየካቲት ቅዳሜ፣ ሞንትሪያል ላይ፣ ሌሊት፣
ብርዱ ጥርስ አውጥቶ ሲናከስ ከበር ፊት፣
እኔ ከመስኮቴ፣ ከካፖርቶች ጀርባ፣
እቆጥራለሁ ቆሜ የወጣ የገባ።

አንድ ሺህ ሁለት መቶ መስቀያ አለኝ በቁጥር፤
ያኔ ግን አይበቃም፣ ጫፍ የለውም ሰልፉ፤
በአንዱ ላይ ሦስት ሦስት ተደራርቦ ሱፉ፣
ላባው ከነቆዳው ሲጋፉ ሲጋፉ
ዘንጉ ጎብጦ ነበር።
ሸክሙ ከወረደ ቆይቷል ደኅና፤
ዘንጉ ግን እስካሁን አልቻለም ሊቃና።

አራት ክፍል ነበረን፣ አራት ዓይነት ምት፦
ምድር ቤቱ ጭጋግ፣ ፎቁ ደግሞ እሳት፤
መስታወት ክፍሉ ውስጥ ራሱን ፈልጎ ሰው
ሌላ ፊት አግኝቶ ሰላም የሚለው፤
ትልቁ አዳራሽማ ደረት ነው የሚመታ፣
ግድግዳውን አልፎ መስቀያ የሚያማታ።

መጀመሪያ መስታወቱ። «ለጊዜው ነው» አለን
ሬዣን፣ ባለቤቱ፣ ዓይን ዓይናችንን ሳያየን።
ጊዜው ወንበር ሆነ፤ ወንበር ተደራርቦ
መስታወት ውስጥ ያያል ራሱን ተሰብስቦ።
ከዚያ ምድር ቤቱ ለልደት ተከራየ፤
በአራት ሰዓት ምሽት ኬክ ሲቆረስ ታየ።
ፎቁን ግን በቁልፍ የዘጋው የለም፤
አንድ ቅዳሜ ብቻ ያበራው አልመጣም።

ለምን? ሁሉም ያውቃል። «ኪራይ ነው» ይላል ሬዣን።
ማኖን ከመጠጡ ጋ፦ «ስልክ ነው የበላን»
ትላለች፣ ስልኳን ሳትለቅ።
ዊልነር በር ላይ ቆሞ፣ ጢሙ በረዶ አዝሎ፣
«ሶፋ ነው» ይለኛል፣ «ሰው ቀረ እዚያ ተጥሎ።»
ኦሬሊ፣ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ፣ ሙዚቃ የምታጫውት፣
ሳቀችብን፦ «እናንተ ናችሁ ያረጃችሁት፤
ልጆቹ ቦዩ ዳር፣ መጋዘን ውስጥ ናቸው፤
አራት ክፍል ለምኔ? አንዱ በቃቸው።»

እኔን ማንም አልጠየቀ። እኔ ቁጥር ነኝ፤
ሦስት ረድፍ የተሰመረበት ደብተር አለኝ፦
የገባ። የወጣ። የቀረ።

ጋኤታን የሚባል አለ፣ ስድሳውን ያለፈ፣
ሳምንቱን በረዶ ከመንገድ ሲጠርግ ያሳለፈ።
ቅዳሜ ሲመጣ «ሰባት ቁጥር» ይላል፤
ኪሱ በመርፌ ቁልፍ የተያዘ ግራጫ ካፖርቱን ይሰጠኛል።
ባዶውን መስቀያ በዓይኑ ከዳር ዳር ያማትራል፤
አንድ ቀን እንኳ «አነሰ» ብሎኝ አያውቅም።
ደረቅ ከረሜላ ይሰጠኛል፣ የአዝሙድ፤ አልወደውም፣ እበላዋለሁ።

ያን ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ሲል፣
የገባ፦ ሰማንያ አራት።
የወጣ፦ ሰማንያ ሦስት።
ሰባት ቁጥር ብቻውን፣ በጎበጠው ዘንግ ላይ።
ውጭ ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት።
ያለ ካፖርት ወጥቶ ይሆን? አስፋልት ላይ ተዘርሮ?
መጸዳጃ ቤቱን አየሁ፤ ምድር ቤቱን፣
የተንፈሰፈሰ ፊኛ፤ መስታወት ክፍሉን፣ ወንበር፣
ወንበር፣ ከወንበሩም መሀል እኔ።

ፎቅ ወጣሁ። ጨለማ። ወለሉ ይንዘፈዘፋል።
ከታች ኦሬሊ የመጨረሻዋን ታጫውታለች ለባዶ አዳራሽ፤
እዚህ የሚደርሰው ዜማው አይደለም፣
ምቱ ነው፣ ከእግር በኩል የሚገባው።
ጋኤታን ጫማውን አውልቆ፣ በካልሲ፣ ዓይኑን ጨፍኖ
ይጨፍራል።
ያ ሁሉ ወለል የእሱ ነው፤ ቢፈልግ ክንዱን ይዘረጋል።
አልዘረጋም።
ክርኑን ከጎኑ አጣብቆ፣ ትከሻውን ሰብስቦ፣
ግራ ቀኙ ሰው እንደሞላ፣
እንዳይገፋ፣ እንዳይረግጥ እየተጠነቀቀ፣
አንዴም ገለል ብሎ አሳለፈ፣
ማንን እንደሆነ እንጃ።

አልጠራሁትም። እኔም በሩ ላይ
ጠበብ ብዬ ቆምኩ።

ታች ስወርድ ዊልነር ቁልፉን ያቅጨለጭላል።
«አለቀ?» አለኝ።
ደብተሬን ከፈትኩ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ
«አንድ» ብዬ ጻፍኩ።
ካፖርት ይሁን ሰው፣ ረድፉ አይጠይቅም።