ሰማንያ ሦስት ከመቶ

ቅዳሜ ሌሊት፤ ፓርኑ፤ ባሕሩ እንደ ሞራ ረግቶ፣
የሸራ ሰፊዎቹ ቤት ተጠርቅሞ ተዘግቶ፣
ቪርቬ ከመወልወያው ጎን ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣ
ስክሪኑን ታያለች አፍጥጣ።

ሰማንያ ሦስት ከመቶ።
ሻይዋ ቀዝቅዞ፣ ስምንት ሰዓት ሞልቶ፣
ቁጥሩ ግን ፍንክች አላለም፣ እንደ ለገመ በሬ ተኝቶ።

«ከሠራ አትንኪው» ነበር የኤንደል ሃይማኖቱ፤
ሰርቨሩም ዘጠኝ ዓመት ሳይነካ ኖረ፣ እንደ ታቦቱ።
ባለፈው ሰኞ ግን ደረሰኞቹ ጠፉ፤ ደነገጠ ሽማግሌው፤
«ነይ» አላት በስልክ፣ «እንደፈለግሽ አድርጊው።»

ቅጂውን ሁለቴ ወስዳለች፤ አንዱ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ነው።
(አንዴ፣ ሌላ ቤት፣ የሰው ዓመት በእጇ ላይ ጠፍቶባታል።)

ከዚያ ስክሪኑ ጠየቀ፦
«ሌይዳ የተባለ ተጠቃሚ አራት ዓመት አልገባም። ይሰረዝ?»

ሌይዳ ሒሳብ ያዥ ነበረች፤
አራት ዓመቷ ከተቀበረች።
ማሽኑ ሞትን አያውቅም፤
የሚያውቀው አለመግባትን ብቻ።
ቪርቬ ጣቷን ሰበሰበች፣
ቆየት ብላ፣ «አይሰረዝ» የሚለውን ነካች።

ንጋት ላይ መቶ ሞላ።
ማራገቢያው ጮኸ፣ አጉረመረመ፣ ረጋ።
ጥጉ ላይ ያለው ፕሪንተር ማንም ሳያዘው ባነነ፤
ወረፋ ላይ ተረስቶ የከረመ
አንድ ወረቀት ተፋ፣ ገና ትኩስ፦

«ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ይሰጠኝ፤
ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አለኝ። ሌይዳ።»

ሁለቴ አነበበችው።
ኤንደል ጠረጴዛ ላይ፣ ከራሷ የክፍያ ደረሰኝ በላይ አስቀመጠች፤
ባልዲውን ወደ ቦታው መልሳ፣
መብራቱን አጥፍታ ወጣች።