ስለት

ጭጋጉ ከጦሳ ገና ሳይገፈፍ፣
ረዳቱ መናኸሪያ በር ላይ ሲለፍፍ፣
«ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! አንድ ሰው የቀረው!»
ያ አንዱ ሰው እኔ ነኝ፣ ሮጬ የደረስኩት፤
ጭኔ ላይ ፖስታ አለ፣ አጥፌ የያዝኩት፣
ሁለት ወረቀት ነው ውስጡ ያስገባሁት።

አንዱ የስምንተኛ፣ ዳሩ የተበላ፣
ማህተሙ በልጅ ፎቶዬ ዓይን ላይ የጣለበት ጥላ።
ሌላው ዲግሪዬ ነው፣ የስታቲስቲክስ፣
ከግድግዳ ወርዶ፣ ፍሬሙን አውልቆ፣ አብሮኝ የሚገሠግስ።

ሐረጎን ስንወርድ ጆሮዬ ሲደፈን፣
በመስኮቱ ላቦት በጣቴ ሣልኩ ግራፍ፣ ቤታችንን ሊመዝን።
አግድሙ መስመር ላይ የተማርነው ዓመት፣
ሽቅብ በቆመው ላይ የደሞዙ ብዛት።
አባቴ ዜሮ ላይ፦ ጥበቃ ነው፣ ይበላል።
ጀውሃር ስድስት ላይ፦ ባጃጅ ይነዳል፣ እኔን ያበላል።
ታናሼ አለዊያ፣ ስምንትን ጨርሳ፣
ኮሌታ ትሰፋለች፣ ደሞዝ ትወስዳለች፣ ምሳዋን ተቀንሳ።
እኔ አሥራ ስድስት ላይ፦ ነጥቤ ወደቀ፣
ከመስመሩ በታች፣ ከመስታወቱም በታች፣ ላስቲኩ ሥር ዘለቀ።

(ናሙናው ትንሽ ነው። መምህሬ ቢያየው
«በአራት ሰው ሕዝብ አይለካም» ነው የሚለው።
ልክ ነው። ግን አንድ ቀን ፒያሳ ብቅ ይበል፣
ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር የቆመውን ይቁጠር፦
ሕግ፣ ሃይድሮሊክስ፣ ማኔጅመንት፣
አንድ ማኪያቶ ለሦስት፣
«የሥራ ልምድ ሁለት ዓመት» የሚለውን ማንበብ
አራት ዓመት የለመዱበት።)

ፓርኩ የቆመበት፣ ከዚያ ሰፊ ጣራ ሥር
የእኛ ማሽላ ነበር።
መሬቱ ሲወሰድ፣ ድንኳን ተተክሎ፣
«ለተወላጅ ቅድሚያ» ተባለ፤ ተጨበጨበ፤ ሰው ገባ ተቀብሎ።
ካሳው ደሴ ላይ ሁለት ክፍል ቤት ሆነ፣
የተረፈው ለጀውሃር ባጃጅ ቀብድ ሆነ፣
ቅድሚያውም ደረሰ፦ ላባቴ ኮፍያ ከዱላ ጋራ፣
በገዛ ማሳው ላይ በር እንዲጠብቅ፣ በንጋት ተራ።

ባለፈው በዲግሪ ነበር የቀረብኩት።
የቅጥር ክፍሏ ሴት ገልበጥ አደረገችው፣ እንደ ተጠረጠረ ብር።
«አንቺማ አትቆዪም» አለችኝ።
«የተማረ ሰው መኪና ላይ አይበረክትም፤ ሦስት ወር ሠርቶ ይሄዳል።»
«ወዴት?» አልኳት።
ከልቤ ነበር የጠየቅኋት፤ የምታውቀው ቦታ ካለ ብዬ።
«ቀጣይ!» አለች።

ዛሬ ስምንተኛዬን ብቻ ነው የማሳየው።
ዩኒቨርሲቲውን፣ ሪግሬሽኑን፣ ጥቁሩን ገዋን አላውቃቸውም።
ማን ጠይቆኝ።

በሩ ላይ ተጽፏል፦ «ክብሪትና ስለት
ይዞ ወደ ግቢ ክልክል ነው መግባት።»
አባቴ ፈታሽ ነው። እንደማያውቀኝ ሰው
ቦርሳዬን ከፈተ፣ ፖስታውን ዳሰሰው።
ዲግሪዬን አወጣው። ማህተሙን ያውቀዋል፤
ሲሰቅለው መዶሻው የሳተበት ጥፍሩ ዛሬም ጠቁሯል።
ከኋላ ሰልፉ አለ፣ ከላይ ካሜራው ያያል።

«ይህ ስለት ነው» አለኝ። «ስለት አይገባም።»

እናቴ ስትገባው ግን ከልካይ አልነበረም፦
«ልጄ ትመረቅልኝ እንጂ ሙክት አገባለሁ» ብላ።
ስለቷ ሰመረ፤ ሙክቱ ታረደ፤ ጎረቤቱ በላ።
ለካ ሌላው ስለት፣ የሚቆርጠው፣ ቀርቶ ነበር ኋላ።

አባቴ ወረቀቱን በአራት አጠፈና
ከካፖርቱ ውስጥ፣ ከምሳው ጎን ከተተው።
ዓይኑን አላነሣም። እኔም አላነሣሁ።
ቢላዋ ለሚያስረክብ እንደሚሰጠው ሁሉ
የቆርቆሮ ቁጥር በመዳፌ አኖረ።
«ስትወጪ ትወስጅዋለሽ።»

ቁጥሬ አርባ አንድ ነው።
ልማድ ሆኖብኝ ቆጠርኩ፦
ዛሬ ጠዋት ከእኔ በፊት አርባ ሰው
ምን አስቀምጦ ገባ?