ሰዓት ያዥ

መስታወቷ የተሰነጠቀ፣ ገመዷ ያደፈ ሰዓት አለችኝ፤
ስፖርት አስተምር በነበረ ጊዜ ከአውራጃ የደረሰችኝ።
ራውዳ አባ ዲጋ ስትሮጥ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣
ትንፋሿ በእሷ ደረት ነበር፣ ደቂቃዋ በእኔ እጅ።

ስምንት መቶ ሜትር። ሁለት ዙር።
የፊተኛውን ማንም ይሮጠዋል፤ ሁለተኛው ነው የሚያስቸግር።
"ከስድስት መቶው ወዲያ" ትል ነበር፣ "እግሬ የእኔ አይደለም፤
የማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።"

ከዚያ አንድ ቅዳሜ፣ መታጠፊያው ላይ፣
ጅማ መሐል ጅማቷ ተበጠሰ። ሰው ቀለደበት፤ እሷም ሳቀች።
ዓመት በክራንች ከረመች፤
ጠጋኝ ፍለጋ ከቤት ወጥታ፣ ጠጋኝ ሆና ተመለሰች።

አሁን ደግሞ ይኸው፣ ፓርቲ የላት፣ ባንዲራ የላት፣ የግል ዕጩ።
"የግል? ክሊኒክ ልትከፍቺ ነው?" አሏት አባቷ፣ የሄርማታው ገመድ ሻጩ።
ምልክት ምረጪ ተባለች። ጫማ ጠየቀች፤ ጫማ የለም።
የልብ ማዳመጫ ጠየቀች፤ ዝርዝሩ ላይ አልነበረም።
የተረፈው በርጩማ ነው፤ ባለ ሦስት እግር፣ የእኛው የጅማ።
ባጃጅ ተራው በሳቅ ፈነዳ፦ "ሯጭ አይደለች? ምነው በርጩማ!"
እሷ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተች፦
"ራስጌ ቆሞ የጠየቀ ሐኪም፣ ግማሹን ነው የሚሰማ።"

የፊርማውን ወረቀት የያዝኩት እኔ ነኝ፤
መንቲና፣ ቆጪ፣ ጅሬን ዳገት፣ በላስቲክ ጠቅልዬ የዞርኩ።
ዝናብ ያጠበው ስም ነበረ፤ ላስፈርመው ደግሜ ብሄድ
ሐሳቡን ለውጦ አገኘሁት። እኔም "እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ ዞርኩ።
"ከየትኛው ወገን ነሽ?" ይላል አንዱ፤ "ከተረኞች ክፍል" ትለዋለች፤
ሌላዋ እጅጌዋን ሰብስባ እብጠት ታሳያታለች።
ፊርማ ልንለቅም ገብተን፣ መድኃኒት አዝዘን ወጣን፤
አሥራ አንድ ማዘዣ ጽፈን፣ አራት ፊርማ ይዘን መጣን።

ከአዌቱ ድልድይ ማዶ ወይዘሮ አስካለች አሉ።
በር ላይ ቆመው አዩዋት፤ ግቢም፣ ሂጂም አላሉ።
ልጃቸው ያረፈው በእሷ ተረኝነት ነው፤ አንድ ማክሰኞ ሌሊት።
ኦክስጅኑ አለቀ። የመጋዘኑ ቁልፍ ሰውየው ኪስ፣
ሰውየው ስብሰባ፣ ስብሰባው ሌላ ከተማ።
ራውዳ በዚያ ጉልበቷ፣ በዚያ ጭለማ
ግቢውን አቋርጣ ሮጠች፤ በሩን በብረት ፈልቅቃ፣
ሲሊንደሩን እየጎተተች ተመለሰች።
ደረሰች።
ልጁ አልጠበቃትም።
ያን ሩጫ ሰዓት የያዘለት የለም።

ወደዚህ ነገር የገፋት ይኸው ነው፤ በአደባባይ ግን አታወራውም፤
"የሰው ልጅ ሞት ፖስተር አይሆንም" ትላለች።

ወይዘሮ አስካለች ነጠላቸውን አጣፉ፦
"አንቺ ፓርላማ ከሄድሽ፣ ማክሰኞ ሌሊት ተረኛው ማነው?"

ቆርቆሮው ላይ ዝናብ።
እኔ መልስ ነበረኝ፤ ዶክተር ይቀጠራል፣ በጀት ይመጣል፣ ምናምን።
ዝም በል በሚል ዓይን አየችኝ።
"አላውቅም" አለች።
"እንግዲያው ስታውቂው ነይ" አሉና በሩን ገፉት፤
ግን ገርበብ ብቻ። መቀርቀሪያውን አልሰማሁትም።

በወረቀቱ ሠላሳ ሰባተኛውን ረድፍ ክፍት ተውኩት፤
ከሥሩ ሌሎች ፈረሙ፣ እሱ ነጭ ሆኖ ቀረ፤
መርማሪው "ይሄ ምንድን ነው?" ብሎ ሁለቴ ቆጠረ።

የምርጫው ሳምንት ማክሰኞ ሌሊት፤ ተረኛዋ ራሷ ናት።
ኮሪደሩ ላይ በርጩማ አግኝቼ ተቀምጫለሁ፤
ካፖርቷ ሲያልፍ አያለሁ፣ ሲመለስ አያለሁ፤
ግራ እግሯን ትንሽ ትጎትታለች፣ ሲደክማት እንደ ድሮው።
አውራ ጣቴ ሰዓቷ ቁልፍ ላይ ነው። አልተጫንኩትም።
ይኼኛው ስንተኛው ዙር እንደሆነ የነገረኝ የለም።