የጋራ ምዕራፍ

ፔዳ ግቢ ውስጥ፣ አራተኛው ፎቅ ላይ፣
ሰባት ወንበር ያላት ጠባብ ክፍል አለች፤
መስኮቷ ሲከፈት፣ በዘንባባው መሐል፣
ጣናን በአንድ ጭልፋ ቀድታ ታሳያለች።

ረቡዕ ረቡዕ እዚያ እንሰበሰባለን፣
ከስድስት ትምህርት ክፍል ስድስት ሰዎች ሆነን።
የኮርሱ ስም ረጅም ነው፤ በመጀመሪያው ዕለት
መምህራችን ሰሌዳ ላይ ሊጽፈው ቢነሣ
"ተግዳሮቶች" ጋ ሲደርስ ማርከሩ አለቀበት።

ወሬያችን አንድ ውሃ፤ ስሙ ግን በዛበት፦
ፈንታነሽ "ዋጋ" አለችው፣ የምጣኔዋ ሰው፣
ተመን ካልለጠፈች ነገር የማይታያት፤
ጓንጉል "መብት" አለና አንቀጽ ጠቀሰበት፤
ለአፈሩ ሰው፣ ለምንይችል፣ ውሃ ማለት ሌባ፣
ከጉማራ ዳር ዳር የሰው ማሳ አጥቦ
ደለል ተሸክሞ ወደ ሐይቁ የገባ፤
ሽባባው ሐኪም ነው
(ሐኪም ሆኖ ሳለ ዶክተር ሊሆን የመጣ)፣
"ቢልሃርዚያ" ብሎ እጁን ታጠበበት፤
እኔ መሐንዲሱ፣ "ሜትር ኪዩብ በሰከንድ"
ብዬ፣ በአንድ ቁጥር በሩን ዘጋሁበት።

ከድጃ ብቻ ናት ስም ያላወጣችለት፤
ደንገል ሲያስር ያረጀ የታንኳ ሠሪ ልጅ፣
ማኅበረሰብ አጥኚ፣
እስክሪብቶ ታዞራለች፤ ታዳምጣለች እንጂ።

ሦስት ረቡዕ ሙሉ በአንድ ቃል ተጣላን።
"ዘላቂ" ምንድነው? "የዘለቀ ነዋ!"
"የለም፣ የሚዘልቅ!" "ለማን? እስከ መቼ?"
መብራት ጠፋ፤ በጨለማም ተጨቃጨቅን።
መምህራችን ታክቶት፣ "የማብቂያችሁ ሥራ
አንድ ምዕራፍ ይሁን፣ የስድስታችሁ የጋራ፤
እስከዚያው ውጡና ሐይቁን አንዴ እዩት" አለ።

ወጣን። ማለዳ ነው። አዝመራው የሚባል፣
ፊቱ የማይፈታ ባለ ሞተር ጀልባ
"ለአንድ ሰዓት ብቻ፤ ነዳጅ ተወዷል" አለን።
ፈንታነሽ ወዲያው መዘገበችው።

ሐይቁ ላይ ሜዳ አለ።
አረንጓዴ ሜዳ፣ ሐምራዊ አበባ፣
ሙሽራ አቁመው ፎቶ የሚያነሡበት የሚመስል።
ነፋስ ገፋው ወደ እኛ።
ሞተሩ አጉረመረመ፤ ታነቀ፤ ዝም አለ።
እምቦጭ ነው፤
መዘውሩን እንደ ሹሩባ ጎንጉኖታል።

ያን ጊዜ ፈንታነሽ ሳቋ አመለጣት፣
እንባዋን እስክትጠርግ ጎኗን ይዛ ሳቀች፦
"ዘላቂ ልማት ይሉሃል ይሄ ነው!" አለች፤
"ቢነቅሉት ይለማል፣ ቢያቃጥሉት ይለማል፣
ማን እንደ እርሱ ለማ? ማን እንደ እርሱ ዘልቋል?"
ሳቅን ሁላችንም። ከዚያ መሣቅ አቆምን።

ጓንጉል ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለ፤
ሽባባው "ውሃው ውስጥ እንዳትገቡ!" እያለ
ቀድሞ የገባው እርሱ ራሱ ነበረ።
ከድጃ ከጀልባው ጠርዝ ላይ አጎንብሳ
"ከላይ አትጎትቱት! ከሥሩ ጠምዝዙት"፤
በኮርሱ ሙሉ የሰማነው ረጅሙ ንግግሯ።
እኔ ፍሰት ስገምት ውሃ ጫማዬ ገባ፤
ምንይችል ሥሩ ላይ የተጣበቀውን ጭቃ
በጣቱ አሸት አድርጎ "ከማን ማሳ ይሆን?" አለ፣
መልስም አልጠበቀ፣ መጠምዘዝ ቀጠለ።

ሞተሩ ሲነሣ ፀሐዩ ከፍ ብሏል።
አዝመራው ለተጨማሪው ሰዓት አስከፈለን።
እጃችን ሸተተ፣ እስከ ማግስቱ ድረስ።

ለምዕራፉ የተያዘው ወረቀት ርሶ፣
አንድ መስመር ብቻ፣ በከድጃ ጽሕፈት፦
"ስድስት ሰው። አንድ ሞተር። አንድ ሰዓት ተኩል።
የተከፈተ ውሃ፦ አንድ ጀልባ ያህል።"
መምህራችን አነበበው፤ ገለበጠው፤
ጀርባው ላይ ምንም የለም።
"ዘዴው የታል?" አለን።
እርስ በርስ ተያየን።

ዛሬም ረቡዕ ነው። መስኮቱ ክፍት ነው።
ያቺ የከፈትናት የጀልባ ስፋት
ተዘግታ ይሆናል፣ ከዚህ አትታይም።
ጓንጉል ቃሉን ተርጉሙ አላለም ዛሬ፤
ደብተሩን ሳይከፍት፣ ቀስ ብሎ፣
"ቅዳሜ ማን ይመቸዋል?" አለ።