የዝገት ማኅተም

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከጋምቤቶላ ገበያ ዳር፣
የኤጂስቶ ጓሮ ኮምጣጤ ይሸታል፤ ይሸታል ሰፈር።
ቆራሌው ያመጣው ብረት፣ የበር ማጠፊያ፣ ሚስማር፣
በርሜል ውስጥ ተዘፍዝፎ ቀይ እንባ ሲያነባ ሲያድር፣
ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው በአጥሩ ሥር ሲሮጡ፣
እሱ በጣቱ ይቀምሳል፣ እንዳማረለት ወጡ፤
«ደርሷል» ይላል። ዱቄት ይጨምራል። ያማስላል።

ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል ከፒር እንጨት የተጠረቡ ቅርጾች፣
አያቱ በክረምት ሌሊት የፈለፈሏቸው፣ የቤቱ ታላላቆች፤
ዶሮ፣ ሮማን፣ የወይን ቅጠል፤ እጀታቸውን እጅ የበላቸው።
ቀለም ያስነካል። ይጭናል። በመዶሻ አንዴ፣ ሁለቴ፤ ዱም።
ልብ እንዲህ ቢመታ ሰው ሐኪም ቤት አይሄድም።

«ከአልፕስ ማዶ» ይላል፣ «እነዚያ የሞራቪያ ሰዎች
ጨርቁን ሰማያዊ ይነክሩታል፤ ነጭ የሚቀሩት አበቦች
በሙጫ የተደበቁ ናቸው። የፕሮቫንሱ ደግሞ፣ ፈረንሳዩ፣
ለአንዲት ቅጠል አራት ቀለም! ሀብታም ነው፣ እሱን እዩ።
የእኛ አንድ ነው፤ እሱም ከወዳደቀ።
ደሃ አገር በዝገቱ አጌጠ፤ ታዲያ ማን ሳቀ?»

ማክሰኞ ኢሪዴ መጣች፤ በብስክሌቷ ቅርጫት
የበሬ ልብስ ጠቅልላ (በሬው ከሞተ ዓመታት)፤
ወፍራም የቃጫ ጨርቅ ነው፤ መሐሉ ላይ አባ እንጦንስ፣
ከእግሩ ሥር አሳማ ተኝቶ (አዎ፣ አሳማ)፣ ሳይረክስ።
«አባቴ በጥር፣ በበዓሉ፣ በሬውን ይህን አልብሶ
ከደጀ ሰላም ያስባርክ ነበር፣ ቀንዱን በዘይት አብሶ።
ይኸው ልጄ ልታገባ ነው፤ ለማዕዷ ይታተም፣ ታድሶ።»

ኤጂስቶ መስኮቱ ላይ ዘረጋው። ዝም አለ።

ብረቱ በስልሳ ዓመት ጨርቁን መስመር በመስመር በልቶታል፤
ጺሙ፣ በትሩ፣ የአሳማው ጆሮ፣ ቀለም የነበረው ቀዳዳ ሆኗል።
የጥር ፀሐይ በቅዱሱ ቅርጽ ሾልካ አለፈች፤
ወለሉ ላይ፣ ከዱቄቱ ብናኝ መሐል፣ አባ እንጦንስን ጻፈች።

እሁድ ቄሱ ሲያነቡ፣ «ብልና ዝገት በሚያጠፋው
ምድር መዝገብ አትሰብስቡ»፣ ኤጂስቶ ጥፍሩን አየው፤
ቡናማ ነው፤ አይለቅም። ሌላ መዝገብ የለው።

«ተበላሸ?» አለች። እሱ ቅርጹን ከግድግዳው አወረደ።
የቅዱሱ ሌባ ጣት የለም፤ ነቀዝ ይዞት ሄደ።
«ልሙላው?»
«ተወው፤ እኔ እንዲህ ነው የማውቀው።»

ዱም። ዱም።

«ለልጅሽ ንገሪያት» አለ፣ እርጥቡን ገመድ ላይ ሲሰቅለው፣
«ስልሳ ዓመት ትብላበት። ከዚያ ብርሃን ላይ ትየው።»